መተላለፊያው ዳር ያለው ወንበር

ቨርሊን ቲብስ የትወና ሽልማቱን እንደማትወስድ ሁልጊዜ የምታውቀው ገና ስትቀመጥ ነው። ታሸንፋለች የተባለች ተዋናይት ቦታዋ መተላለፊያው ዳር ነው፤ ስሟ ሲጠራ የሰው ጉልበት እየገፋች እንዳትወጣ። ቨርሊን ለሽልማት በታጨች ቁጥር መሀል ነበር የምትወሸቀው። ዕድሜዋን በሙሉ ገረድ ሁኚ ሲሏት ገረድ ሆናለች፣ የሟች እናት ሁኚ ሲሏት አልቅሳለች።

ዛሬ ግን አስተናጋጁ መርቶ ዳር ላይ አስቀመጣት።

«አየሽ!» አለች እህቷ ሉርሊን በክርኗ እየጎሸመቻት። «ዳር ነን! ዘንድሮ የኛ ነው፣ እቱ!»

«ዝም በይ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን! ሊያዩን አይደል የመጡት?»

ቨርሊን እንዲህ ትበል እንጂ ልቧ ተሰቅሏል። ተስፋ ከቆረጠች ስለቆየች ንግግር አላዘጋጀችም። አሁን ፈራ ተባ እያለች በሆዷ ጀመረች፤ ከሁሉ በፊት እናቷን ልታመሰግን። እናቷ እዚሁ ሎስ አንጀለስ የሀብታም ቤት ስትወለውል ኖራ፣ ልጇ ፊልም ላይ ወለል ስትወለውል ያየች ቀን «እዚያም አላረፍሽም?» ብላ የሳቀች ሴት ነበረች።

ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት መጥቶ ጎንበስ አለ። «ሚስ ዶርሲ፣ ሲጠሩዎት በግራ በኩል ነው የሚወጡት።»

«እኔ ቨርሊን ቲብስ ነኝ።»

የወጣቱ ፊት ቲማቲም መሰለ። ካሪስ ዶርሲ ከቨርሊን ጋር ለአንድ ሽልማት የታጨች፣ የመጀመሪያ ፊልሟን የሠራች ልጅ ናት። ሁለቱን ጥቁር ቆዳቸው እንጂ ሌላ የሚያመሳስላቸው ነገር የለም።

«ዓይንህን ያምሃል እንዴ?» አለች ሉርሊን። «የልጇ እኩያ እኮ ናት!»

«ተይው፣ ተነሺ፤ ወንበሩ የሷ ነው» አለች ቨርሊን።

ካሪስ ከኋላው ቆማ ሁሉን ሰምታለች። «ይቅር በሉኝ፣ እትዬ ቨርሊን።»

«አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ? ተቀመጪ።»

የሰው ጉልበት እየገፉ ወደ መሀል ገቡ። የካሪስ ስም ሲጠራና ካሜራው ወደ ተሸናፊዎቹ ሲዞር፣ ቨርሊን በመስታወት ፊት ያጠናችውን ፈገግታ አውጥታ አጨበጨበች። ለልጅቷ ከልቧ ደስ ብሏታል። ለራሷ ግን ደክሟታል፤ በቃ፣ ደክሟታል።

ውጭ መኪና ሲጠብቁ አንዲት ዕንቁ ያጠለቀች ነጭ ሴትዮ መጥታ ተጠመጠመችባት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! መድረክ ላይ ስትናገሪ አስለቀስሽኝ እኮ!»

ሉርሊን ልታርማት አፏን ስትከፍት ቨርሊን እጇን ጨበጥ አደረገቻትና ቀና ብላ ቆመች።

«አመሰግናለሁ» አለች። «አንድ ሰው ግን ሳላመሰግን ቀርቻለሁ፤ እናቴን። ኢዮላ ቲብስ ትባላለች። የሰው ቤት እየወለወለች ነው ያሳደገችን። ማን ያውቃል፣ የእናንተንም ወልውላ ይሆናል።»

ሴትዮዋ እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። ሉርሊን ብቻዋን አጨበጨበች።