ስድስተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣው አንሶላ

ሥራዋ ሕንፃ ፎቶ ማንሳት ነበር። ሠርግ አታነሳም፣ ልደት አታነሳም፣ ሰው ከሌንሷ ፊት አቁማ «ፈገግ በል» ብላ አታውቅም። የእሷ ነገር ሲሚንቶና መስታወት ነው። ዛጎል የመሰለ ቤተ መጻሕፍት፣ በረሃ ዳር የቆመ ባቡር ጣቢያ፣ ጣሪያው እንደ ወረቀት የታጠፈ የስፖርት አዳራሽ፤ ከአንዱ አገር ወጥታ ሌላው ስትገባ ብዙ ዓመት ሆኗታል። የሙያ ጓደኞቿ «ጥላ ጠባቂ» ይሏታል፤ ጥላው የምትፈልገው ቦታ እስኪደርስላት ድረስ እንደ ምሰሶ ተገትራ ስለምትውል። ፎቶዎቿ ውስጥ ሰው የለም። መኪና ካለ ታስነሳለች፣ ወንበር ካለ ታስወጣለች፣ መንገደኛ ካለ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

ድሮ የካሜራ መቆሚያውን የሚሸከምላት ባሏ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሯት ይዞራል። «ሚስቴ ግድግዳ ታያለች፣ እኔ ሚስቴን አያለሁ» እያለ ሰው ያስቅ ነበር። ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ግን ብቻዋን ትሄዳለች። እንዲህ ብቻዋን ሄዳ ባሕር ማዶ ሥራ ላይ ሳለች ነው፣ አንድ ጠዋት ቤት ውስጥ ድንገት ወድቆ የቀረው። ልብ ነው አሉ። አውሮፕላን ቀያይራ ስትደርስ፣ የደረሰችው ለቀብሩ እንጂ ለእሱ አልነበረም።

ሲወድቅ አጠገቡ የነበሩት እናቱ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አማትና ምራት አንድ ቤት ውስጥ ቀሩ። ተጣልተው አያውቁም። «ቁልፉን ይዘሻል?» «ይዣለሁ።» «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» «ወስጃለሁ።» ወሬያቸው ከዚህ አያልፍም። ስለ እሱማ ጭራሽ አይነሳም። ምራቲቱ አንድ ቀን «የት ነበርሽ?» ይሉኛል ብላ ትሰጋለች፤ አማቷ በልባቸው ምን እንደያዙ አይታወቅም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን አሳታሚ ደወለላት። ስለ ዘመናዊ ሕንፃዎች ትልቅ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው፤ አብዛኞቹ ፎቶዎች የእሷ ናቸው፣ የቀረው አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ብቻ ነው። ሕንፃው በባቡር ግማሽ ቀን በሚወስድ ሌላ ከተማ ነው። እሷ ከቤት ስትርቅ ከአማቷ ጋር የምታድረው የባሏ እህት ደግሞ በዚያ ሳምንት ሥራ ይዟት መምጣት አልቻለችም።

«ለጎረቤት አደራ ብያቸው ብሄድስ?» አለች ምራቲቱ።

«ሻንጣ ነኝ እንዴ አደራ የምታስቀምጪኝ?» አሉ አማቷ። «እሄዳለሁ። ባቡር ከተሳፈርኩ ዘመን ሆኖኛል።»

ሄዱ።

ሕንፃው እንደ ታጠፈ ክንድ ግቢውን አቅፎ የቆመ ረጅም ቤት ነው። በተሠራበት ዘመን ጉድ የተባለለት፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሁሉ በሥዕል የሚያውቀው። ሲሚንቶው አልተቀባም፤ ሲፈስ ቅርጽ የያዘለት የጣውላ መስመር እስካሁን ግድግዳው ላይ ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ያ መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ይነሳል፣ ግድግዳው የተሸመነ ይመስላል። እሷም የመጣችው ለዚያች ቅጽበት ነው። ዘበኛው ከዋዜማው በየደጁ ዞሮ «ነገ ጠዋት በረንዳ ላይ ልብስ እንዳታሰጡ፣ ፎቶ ይነሳል» ብሎላታል።

ጠዋት ካሜራዋን ተክላ ቀና ስትል፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንሶላ ተሰጥቷል። ቀይ፣ ያውም የሚጮህ ቀይ።

አማቷ አጠገቧ በታጣፊ ወንበር ላይ ሹራባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሉ።

«አንሶላው ነዋ። እዚያ ላይ አይታይዎትም?»

አማቷ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው አዩት። «ቆንጆ አንሶላ ነው።»

«ቆንጆነቱ ምን ያደርግልኛል እማማ፣ ፎቶዬን ገደለው እኮ። ዘበኛውን ልላክ።»

«ዘበኛ ስትልኪባት ይብስባታል። እኔ ሄጄ እነግራታለሁ። በሊፍት ነው የምወጣው፣ አትይኝ እንደዚያ።»

ሄዱ። ፀሐይዋ መጣች፤ የጣውላው መስመር አንድ በአንድ ተነሳ፤ ጥላው የምትፈልገው ቦታ ደረሰ። አንሶላው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አማቷም አልተመለሱም። ብርሃኑ እያየችው አለፈ፣ ግድግዳው ተመልሶ ግራጫ ሆነ።

መጀመሪያ ተናደደች። «ወሬ ይዘው ነው» አለች ለራሷ፣ ሌንሶቿን ወደ ቦርሳው እየከተተች። ቀጥሎ ግን የአማቷ የደም ግፊት ትዝ አላት። ሊፍቱ ቢቆምባቸውስ? አዙሯቸው ደረጃ ላይ ቢወድቁስ? አንዱ ሳላየው አመለጠኝ፣ አሁን ደግሞ እሳቸው፤ ይህ ሐሳብ መጣባት። ቦርሳውን ለዘበኛው ጥላ፣ ካሜራው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ላይ ሮጠች።

ስድስተኛ ፎቅ ያለው ኮሪደር ከሕንፃው ጋር አብሮ የሚታጠፍ ስለሆነ ጫፉ አይታይም። በረንዳውን ከውጭ እንጂ በሩን አታውቀውም። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። ግማሽ ፊቱን የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ የሆነ ሰውዬ ከፈተላት።

«አንዲት እናት በዚህ አላለፉም?»

«አልፈዋል። አንሶላ የተሰጣበትን ቤት ጠይቀውኝ ነበር፤ ላሳይዎት ስላቸው ‹ፂምህን ጨርስ፣ ራሴ አገኘዋለሁ› አሉኝ።»

ከጀርባው የመጻሕፍት መደርደሪያ አየች፤ በታጠፈው ግድግዳ ልክ በመጋዝ እየተቆረጠ የተገጠመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆማ ታየው ነበር። ቀጣዩን በር የከፈተችው የሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ ናት፤ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አመለከተች። ከመስኮቱ የገባው ቀጭን የፀሐይ ሰበዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አልጋ ተደርጎ ሕፃን ተኝቷል። «ገርበብ ያለው በር ጋ ሂጂ፣ የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው» አለቻት በሹክሹክታ። «ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ።»

ገርበብ ያለው በር ጋ ስትደርስ የአማቷ ድምፅ ከኩሽና ተሰማት። ደህና ናቸው። ትንፋሿ እስኪመለስ ግድግዳውን ተደገፈች።

«መቆሚያውን ተሸክሞ እንደ ሎሌ ይከተላት ነበር» ይላሉ። «አስተማሪ ሰው! አንድ ቀን ‹አንተ፣ ይህን ብረት ስትሸከም አታፍርም?› ብለው፣ ‹እማዬ፣ አለቃዬ ቆንጆ ናት› አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ «ያረፈ ዕለት ምራትዎ አልነበረችም?» ብላ ጠየቀች።

«አልነበረችም። እንኳንም አልነበረች።»

ምራቲቱ በሩን ልትገፋ የዘረጋችውን እጅ መለሰች። ሁለት ዓመት ስትሸሸው የነበረ ነገር መጣ አለች።

«እኔ ያን ቀን ያየሁትን እስካሁን አያለሁ» ቀጠሉ አማቷ። «የሳሎኑን በር በከፈትኩ ቁጥር አያለሁ። እሷ ግን እሱን ስታስብ የምታየው ሲስቅ ነው። ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ሲስቅ የሚያየው ይኑር እላለሁ። ሁለታችንም ያን ብናይ ኖሮ ማን ማንን ያነሳ ነበር?»

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አማቷ ደነገጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?»

«‹እንኳንም› ካሉበት ጀምሮ።»

ልብስ ሰፊዋ ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ነገሩ ሲገባት ወንበሯን ለምራቲቱ ለቀቀችና በረንዳ ላይ ሥራ እንዳለባት ሰው ወጣች።

«እኔ ‹የት ነበርሽ› ይሉኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች ምራቲቱ።

«እኔ ደግሞ ‹አጠገቡ ሆነው ምን አደረጉለት› ትይኛለሽ ብዬ።»

«ምን ብዬ? ምን አባቴ ብዬ ነው እንዲህ የምልዎት?»

«እኔስ ምን ብዬ?»

ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ፣ አለቀሱ። አማቷ እጃቸውን ዘርግተው የምራታቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ልብስ ሰፊዋ በቂ ጊዜ ሰጥታቸው ተመለሰች። «እህስ፣ አንሶላውን ላንሳልሽ?»

«ፀሐይዋ ሄዳለች። ይቆይ።»

«እርጥብ ባይሆን አነሳው ነበር፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ፎቶ አንሺ በመጣ ቁጥር ልብሳችሁን አስገቡ፣ ብስክሌታችሁን ደብቁ ይሉናል። ፎቶውን የሚያየው ሰው እዚህ ቤት የሚኖረው መንፈስ ነው ሊል ነው እኮ።»

ምራቲቱ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ኩሽናውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ግድግዳው ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ ጠባብና ረጅም መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በስፌት መኪናው ላይ አልፎ የአማቷ እጅ ላይ ያርፋል። ይህን መስኮት ከውጭ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ለምን እንደጠበበና ለምን እንደረዘመ ግን እዚህ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ አልገባትም ነበር።

«ላንሳችሁ?» አለች። ስትጠይቅ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እኔን? በዚህ ሹራብ?» አሉ አማቷ።

«በዚሁ ሹራብ። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ግን አይንቀሳቀሱ።»

«አልንቀሳቀስም» ብለው፣ ወዲያው ለልብስ ሰፊዋ የሆነ ነገር ለመንገር እጃቸውን አነሱ። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ሲወጣ የአማቷ እጅ ብቻ እንደ ጭስ ሆነ።

በማግስቱ አንሶላው ተነስቶ የውጩን ፎቶ እንደ ልማዷ አነሳች። ጥሩ ሆነ። ሁለቱንም ለአሳታሚው ላከች።

«የኩሽናው ፎቶ ላይ ሰው አለ» አለ በስልክ፣ ግራ የገባው ይመስላል።

«አዎ፣ ሁለት ናቸው።»

«አንቺ እኮ ሰው አታነሺም።»

«አሁን አነሳሁ።»

«ቆይ እስቲ፣ አጠገብ ለአጠገብ ላስቀምጣቸው» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ እንደ ልባቸው አወሩ። ስለ እሱ ልጅነት፣ ስለ ግትርነቱ፣ ቀልድ ሲጀምር ራሱ ቀድሞ ስለ መሳቁ። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ አማቷ መስኮቱን እያዩ ጠየቁ፤

«ያን ጊዜ ባሕር ማዶ የሄድሽው ምን ልታነሺ ነበር?»

«ሙዚየም። ውሃ ዳር ነው፤ ነጭ፣ ጣሪያው ከላይ የተከፈተ።»

«ፎቶውን አላሳየሽኝም።»

«እኔም አላየሁትም። ካነሳሁት ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም።»

አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት ገብተው ጫማቸውን እንዳወለቁ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምራታቸው ከፈተችው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ደረጃ፣ ከጣሪያው ቀዳዳ የወረደ የብርሃን ክብ ወለሉ ላይ። መጀመሪያ በችኮላ ታሳልፋቸው ነበር፤ እየቆየች ግን እያንዳንዱ ፎቶ ላይ መዘግየት ጀመረች።

«ደስ ይላል» አሉ አማቷ። «ግን መቀመጫ የለውም እንዴ? ሰው ደክሞት የት ነው የሚያርፈው?»

«አላስተዋልኩም።»

«ሄደን እናያለና።»

ምራቲቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አማቷ ጉርድ ፎቶ ተነስተው መጡ፤ ፓስፖርት ሊያወጡ። «አንቺ ሕንፃ እንጂ ፊት አትችይበትም ብዬ ሌላ ቦታ ሄድኩ» አሏት፣ ፎቶውን እያሳዩ። ኮስተር ብለዋል፣ ፀጉራቸው ግን በደንብ ተበጥሯል።

መጽሐፉ በታተመበት ወር ተሳፈሩ። ሙዚየሙ ደጃፍ ሲደርሱ ዝናብ ያካፋል። አማቷ ክንዷን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ፣ ውስጥ ገብተው ወደ ተከፈተው ጣሪያ ቀና አሉ። ዝናቡ በቀዳዳው እየወረደ ወለሉ መሃል ባለች ትንሽ ገንዳ ላይ ይንጠባጠባል። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት።

«ሆን ብለው ነው ክፍት የተዉት?» አሉ በመጨረሻ።

«ሆን ብለው ነው።»

«ጥሩ አድርገዋል» አሉና የምራታቸውን እጅ ሳይለቁ ወደሚቀጥለው ክፍል አመሩ።