ካርዱ ላይ ቦታ ያጣ ሥራ

"ዜሮ!" አሉ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣውን ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ እየዘረጉ። "ሴቶቹ ወሩን ሙሉ ወገባቸው እስኪቆረጥ ሠርተው፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሠሩም ይላል! ነገራ፣ ይኼ ማሽናችሁ ጤነኛ ነው?"

ነገራ ጎንበስ ብሎ አየ። ከእያንዳንዷ ሠራተኛ ስም ትይዩ ዜሮ ተደርድሯል። ነገሩ ወዲያው ገባው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለጨርቅ ፋብሪካው ያሠራውን ፕሮግራም እንዳለ ነበር ነቀምቴ ላለው የስጋጃ ፋብሪካ የላከው። ጨርቅ በየቀኑ በሜትር ይለካል። ስጋጃ ግን ሱፉ ድሩ ላይ ቋጠሮ በቋጠሮ እየታሰረ ነው የሚያድገው፤ ትልቁ ተቆርጦ እስኪወርድ ወራት ይፈጃል። እስኪወርድ ድረስ ለማሽኑ የለም።

"ማሽኑስ ጤነኛ ነው" አለ። "የጠየቅነው ጥያቄ ነው የጨርቅ የሆነው። በሜትር መቁጠሩን ትቶ በቋጠሮ እንዲቆጥር ላስተካክለው።"

"አስተካክለዋ! የላኩህ ለዚህ አይደል?"

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ኮምፒውተር በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ነገራ ግን የነቀምቴ ልጅ ሆኖ በካርድ ላይ እየተበሳ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ሒሳብ ተምሯል፤ እንደ ብርቅ ነው የሚታየው። አባቱ ሲሞት ያሳደገችው የአባቱ እህት ቀለሟ ናት። ሱፍ እየፈተለች አስተማረችው። አሁን እዚሁ ፋብሪካ ስጋጃ ትሠራለች፤ እሱም ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው ቤቷ እያደረ ከእሷ ጋር በእግሩ ወደ ሥራ ይመጣል።

በማግስቱ ቋጠሮው እንዴት እንደሚቆጠር ሊያይ ሴቶቹ ዘንድ ገብቶ ተቀመጠ። በአንድ አግዳሚ ላይ ሦስት ሆነው፣ ፊት ለፊታቸው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመውን ድር ይዘው ይሠራሉ። ከግራ ድርቤ፣ ከቀኝ የጎጃሟ ሸዋጌጥ፣ መሐል ቀለሟ። ቀለሟ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጣቷም እንደ ድሮው አይፈጥንም። ነገር ግን ንድፉ በሙሉ ራሷ ውስጥ ነበር። ረድፍ በጀመሩ ቁጥር በኦሮምኛ ትጠራላቸዋለች፤

"ዲማ ለማ፣ ጉራቻ ቶኮ፣ አዲ ሰዲ..."

ሁለቱ የሰሙትን ያስራሉ፤ ቀይ ሁለት፣ ጥቁር አንድ፣ ነጭ ሦስት። ሸዋጌጥ ኦሮምኛ ከቀለምና ከቁጥር ስም አላለፈላትም፣ የተጠራውን ግን አትስትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንድፍ ወረቀት ቀና ብሎ የሚያይ የለም። የቀለሟ ክፍል ወደ ኋላ ሲቀር ድርቤ ከግራ፣ ሸዋጌጥ ከቀኝ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ይሞሉላታል። ረድፉ እኩል ካልደረሰ ማግ አይገባም፣ ማግ ካልገባ ተመትቶ አይጠብቅም።

ነገራ ነገሩን አይቶ፣ ያለቀውን ቋጠሮ ለሦስት እኩል ከፍሎ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። እያንዳንዷ ሠራተኛ በራሷ ቁጥር ትመዝገብ፣ እኩል የሆነ ቁጥር ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም ይላል።

"እውነታቸውን ነው" አሉት አቶ ሀብተጊዮርጊስ። "ቁጥሩን ለመክፈል ከሆነ ማሽን ምን ያደርግልናል?"

ያን ጊዜ ነገራ ሥራውን አሳምሮ ሠራው። በእያንዳንዱ ድር ላይ ሰማያዊ ክር እያሰረ የሴቶቹን ድርሻ ለየ፤ ማታ ማታ የእያንዳንዷን ክፍል በማስመሪያ ለክቶ ወደ ቋጠሮ ይቀይረዋል። ፕሮግራሙም ተቀበለው። አዲስ አበባ ያሉት አለቆቹ በስልክ አመሰገኑት፤ ደስም አለው። ክሩን ያሰረ ዕለት ግን ድርቤ ሥራዋን አቁማ አየችው።

"ነገራ፣ ድንበር አበጀህልን?"

"ለቆጠራ ነው፣ ድርቤ።"

"እሷን ስረዳ ለማን ነው የሚቆጠረው?"

"ለክፍሉ ባለቤት።"

"የእኔስ?"

ነገራ ክሩን ማሰሩን ቀጠለ። ድርቤ ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ቁጥሯ እንዲያንስ አትፈልግም። በሳምንቱ እጇን ወደ መሐል መስደዱን ተወች። ሸዋጌጥ ትንሽ ቆየች፣ እሷም ተወች። ሁለቱ የራሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ቀለሟ ላብ በላብ ሆና ታስራለች፣ እያሰረችም ትጠራላቸዋለች።

ነገራ አንድ ነገር ሞከረ። ንድፍ ለሚጠራ ሰው በካርዱ ላይ አንድ ቦታ እንዲሰጥ፣ መጥራቱም እንደ ሥራ እንዲቆጠር ጠየቀ። በስልክ የመለሰለት የገዛ አለቃው ነው።

"ካርዱ ሞልቷል፣ ነገራ። ደግሞ እንዲህ የሚባል የሥራ መደብ የለንም። ንድፉ ወረቀት ላይ አለ አይደል? እያዩ ይሥሩ።"

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ወር የመጣው ወረቀት ግርጌ ላይ ማሽኑ ቁጥራቸው ያነሰ የአምስት ሴቶችን ስም ለይቶ አውጥቶ ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሩን ዘግተው ነገራን አስቀመጡት።

"አክስትህ መሆኗን አውቃለሁ" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንተ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። አምስቱ እንዲሰናበቱ ታዟል።"

"አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ እሷ እኮ ስትጠራ ነው ሁለቱ የሚፈጥኑት። የእነሱ ቁጥር ውስጥ የእሷም አለበት።"

"የት ላይ? አሳየኝና ልከራከርልህ።"

ወረቀቱን አገላበጠው። የሚያሳየው አልነበረም፤ የፈለገውን ነገር የሚያኖርበት ቦታ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ሲያስተካክል ራሱ አላበጀም።

"እኔም ልጆች አሉኝ" አሉት አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። "በል ስማኝ። ላንድሮቨሩ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ አንተም ተሳፈር። እዚያ የሚፈልጉህ ለሌላው ፋብሪካም ፕሮግራም እንድታዘጋጅ ነው፣ ሹመትም ሳይኖረው አይቀርም። የአምስቱን ስም ማታ ሲወጡ ዘበኛው በር ላይ ያነብላቸዋል። አንተ እዚህ ባትኖር ለእሷም ለአንተም ይቀላል።"

ነገራ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሲጋራውን እያጨሰ ይጠብቀዋል። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባ። ከሥራ ቤቱ የቀለሟ ድምፅ ይሰማል፤ ሰሞኑን ሻከር ብሏል። ዘበኛው ስሟን አዛብቶ ሲያነበው፣ ሴቶቹም ዞር ብለው ሲያዩዋት ታየው። እግሩን መልሶ አወጣ።

"ሂድ" አለው ሾፌሩን።

"እንዴ! ነገ ማለዳ እዚያ ይጠብቁሃል እኮ!"

"ሂድ አልኩህ።"

ሥራ ቤቱ ገብቶ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከድርቤ አጠገብ ቆመ። ቀለሟ መጥራቷን አቆመች፤ ዓይኗ ባይለየውም አረማመዱን ታውቃለች።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ መኪናው ሄደ እኮ።"

"ይሂድ፣ አዳዳ" አለ፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

እጇን ድሩ ላይ ጫነች። "ወረቀት መጣ?"

"መጣ።"

"እኔም አለሁበት?"

ድርቤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

"አሉበት" አለ ነገራ። "ማሽኑ ነው ይሉዎታል ማታ። ማሽኑ አይደለም። የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን የለየሁት እኔ ነኝ።"

ነገራ ከአክስቱ እንባ ጠብቆ ነበር፣ ስድብም ቢሆን። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችውም። ሱፉን በሁለት ጣቷ ዳስሳ ያቆመችበትን ቦታ አገኘች።

"ሰምቻለሁ" አለች። "ረድፉ ግን አላለቀም። ሸዋጌጥ፣ የት ደረስን?"

"ጥቁሩ ላይ" አለች ሸዋጌጥ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

"ጉራቻ ለማ" አለች ቀለሟ። "ዲማ ቶኮ..."

ድርቤ አንዴ ነገራን አየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ከሰማያዊው ክር አሻግራ ሰደደች። ሸዋጌጥም ከቀኝ ሰደደች። መሐል ላይ የማን ቋጠሮ የማን እንደሆነ የማይለይ ሆነ።

ነገራ ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ። ከሴቶቹ ኋላ እንደቆመ ትንሽ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ያን ረድፍ አልለካውም።