የያዢዋ ልጅ

«ክንዷን ያዢልኝ፤ ዛሬስ ሳትፈነዳ አትቀርም» አለች አክስቷ ለጎረቤቲቱ፣ በልጅቷ ራስ ላይ አሻግራ።

ልጅቷ ግን አልፈነዳችም። ፍራሹ ላይ በሁለቱ ሴቶች መሀል ተጠቅጥቃ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ እንዲህ ነው፤ በቀኝ አክስቷ፣ በግራ ጎረቤቲቱ፣ ከፊቷ እስከ በሩ ድረስ የሞላ ለቀስተኛ። ውሃ ልጠጣ ስትል ውሃው ይመጣላታል። አየር ልቀበል ስትል መስኮት ይከፈትላታል። መነሳት ብቻ ነው ያልተፈቀደላት።

«እንባ አልፈጠረባትም እንዴ ይቺን?» አለች አንዷ፣ አፏን በሻይ ብርጭቆ ከልላ።

«ባዳው ያለቅሳል፣ እሷ ጣራ ትቆጥራለች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ሁሉንም ይሰማ ነበር። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ማልቀስ ትፈልጋለች፤ እናቴ ትወደኝ ነበር ብላ ማልቀስ ነው ያቃታት።

እናቷ አቅፋት አታውቅም። አልመታቻትም፣ አላስራበቻትም፤ ልብሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ደብተሯ የተለበደ ነበር። መንገድ ሲሻገሩ ግን ሌላዋ እናት የልጇን እጅ ጭምድድ ስታደርግ፣ የእሷ እናት እጆቿን ኪሷ ከታ «ቀሚሴን ያዢ» ትላት ነበር። በመጨረሻው ሕመሟ እንኳ፣ ልጅቷ ገላዋን እያጠበቻት እጇን ልትይዘው ስትል እናቷ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሸሸገችው። ይህን ለማን ይናገሩታል? ለቀስተኛው ሁሉ «በጦርነቱ ጊዜ ስንቱን ያስታመመች፣ ርኅሩኅ ነርስ» እያለ ያወድሳታል። እናቷ ግን በሕይወት ሳለች «ወለል ጠራጊ ነበርኩ» ብላ ወሬውን ታቋርጠው ነበር።

ከሰዓት በኋላ በክራንች የሚሄዱ ሽማግሌ ገቡ። ወንበር ተለቀቀላቸውና ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ያዢዋ ሞተች ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ማን ነች ያዢዋ?» አለች አክስት።

«ሆስፒታል እንደዚያ ነበር የምንላት።» ባዶውን የሱሪያቸውን እግር መታ መታ አደረጉት። «ማደንዘዣ አልቆ ነበር። ሐኪሙ በርሜል ውሃ ብቻዋን ስታነሳ አያትና ‹አንቺ፣ መጥረጊያውን ተይና ይሄን ቁስለኛ ያዢልኝ› አላት። በዚያው ቀረች። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትይዛለች። ወደ መጥረጊያዬ መልሱኝ ብላ ለምናለች። እንዲህ ያለ ክንድ ከየት አመጣለሁ አላት፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ አልለቀቃትም።»

«ለእኛ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።»

«ምኑን ትንገር ብለሽ፣ እህቴ? እኔን ስትይዘኝ ዘር ማንዘሯን አንድ በአንድ ነው የሰደብኩት። እሷ ‹ስደበኝ፣ ብቻ እግርህን አትየው› ትለኛለች።»

አንዱ ሳቀና አፉን በመዳፉ ያዘ። ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«አንቺን አውቅሻለሁ። ገበያ መሀል አገኘኋችሁ። ቀሚሷን ይዘሽ፣ በሰው እየተገፋሽ ታለቅሻለሽ። ‹ልጅቷን እቀፊያት እንጂ!› ብዬ ተቆጣኋት።»

«ምን አለችዎት?» የልጅቷ ድምፅ ሻከረ፤ ከሰው ጋር ካወራች ሰንብታለች።

«‹እኔ የያዝኩት ሰው ሁሉ ይጮሃል› አለችኝ። ‹የሁሉን ጩኸት ችያለሁ፤ የእሷን ግን አልችለውም።›»

ስትወደኝ ኖራለች አለች ልጅቷ ለራሷ፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ቆልፋ ስትወደኝ ኖራለች። አፏ ተከፈተ። አክስቷ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ነበርና ክንዷን ጥርቅም አድርጋ ያዘቻት።

«ጩሂ፣ ልጄ፤ ይውጣልሽ።»

ልጅቷ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳትጮህ ተያዘች። የአክስቷ እጅ ላላ ሊል ሲል መዳፏን ከላዩ ጫን አደረገችበት።