አስተርጓሚው ዝም ያለ ዕለት

ልጆቼ፣ እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ጸሐፊ አይደለሁም። ትምህርቴም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሰው ድካም እጄ ሲገባ ክር አስገባበታለሁ፣ ኮላ እቀባዋለሁ፣ ካርቶን አለብሰዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ጀርባው ላይ የባለቤቱን ስም በወርቅ ቀለም አትምበታለሁ። ውስጡን አላነበውም። “አባባ፣ ስንት መጽሐፍ በእጅዎ አልፏል፣ ሊቅ ነዎት እኮ” የሚሉኝ አሉ። በድንጋይም ላይ ስንት ውሃ ያልፋል፣ ድንጋዩ ግን ዋና አልተማረም እላቸዋለሁ።

ይህ የምነግራችሁ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ድንጋጤውም እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ነው። የምረቃ ሰሞን ስለሆነ ሱቄ ገና ሳይከፈት ሦስት ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እነሱ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በኢሜይል ይልካሉ፣ እኔ አትሜ እጠርዛለሁ፤ አሠራራችን እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት፤ ተነሳ። ኢንተርኔቱ ግን የለም። አጥፍቼ አበራሁት፤ የለም። ጎንበስ ብዬ ከኋላው አየሁ። ኔትወርኩን የምትቀበለው ካርድ ሌላ ቀን አረንጓዴ ዓይኗን ስታርገበግብ ነው የምትውለው፤ ያን ቀን ጨልማለች።

“አባባ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ካላስገባሁ እኮ ዘንድሮ አልመረቅም” አለች አንደኛዋ፣ ቀጭኗ።

“አይዞሽ፣ ዶክተሯ ትምጣ” አልኳት።

ዶክተሯ የሰው ሐኪም አይደለችም። ከሱቄ ሁለት በር አልፎ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ናት። ማሽን ሲያመጡላት ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት “ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያመው?” ብላ ስለምትጠይቅ ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላት። መጣች፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፣ ቁልፎቹን ነካ ነካ ስታደርግ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ይዘንብበት ጀመር።

እኔ ያን ጥቁር ስክሪን አልወደውም። ለምን እንደማልወደው ልንገራችሁ።

አንድ ልጅ አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዝምተኛ ስለሆነ ጭምቱ ነው የምንለው። እናቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው ያረፈችው፤ ቤቱ እኔና እሱ ነበርን። የዛሬ ሰባት ዓመት የተማሪዎቹ ፍላሽ ቫይረስ እያመጣ ኮምፒውተሩን ሲያሳብደው፣ ጭምቱ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ቫይረስ አይደፍረውም ያለውን፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበት። በዚያው ሰሞን መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የኔትወርኩን መሰኪያ አቃጠለው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ከመንገድ ዳር አንዲት ካርድ ገዝቼ መጣሁ። ሳጥኗ ላይ የተሳለችው መብረቅ ደስ ብላኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር አውቄ አይደለም። ካርዷ ግን ከሊኑክስ ጋር አልግባባ አለች።

ልጄ ፊቷ ተቀመጠ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ። ሥራው ተከመረ፣ ደንበኛ ተቆጣ፣ እኔ ብቻዬን እሰፋለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶ ሳለ ደሜ ፈላ። “አንተ! እጅህ አንዲት ክር ሳያስገባ ዓይንህ እዚህ ሳጥን ላይ ተተክሎ ይውላል? ይኸው ሳጥን ዓይንህን ያጥፋው!” አልኩት። ሰው ፊት። የአባት አፍ እንዲህ ይላል? የእኔ ግን አለ።

ጭምቱ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። በማግሥቱ ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። ሱቅ ስገባ ካርዷ አረንጓዴ ዓይኗን ታርገበግባለች። “ለካ ዝም ሲሏት በራሷ ትድናለች” አልኩ። ልጄ ሌላ ከተማ ሥራ እንደያዘ ከሰው ሰማሁ። እሱ ይደውል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም እኔን ሲጠብቅ ይሆናል። ግትር ከግትር ሲኮራረፍ መሃል የሚገባ ከሌለ ዓመት ይቆጠራል፤ እኛም ሰባት ቆጠርን።

“አገኘሁት” አለች ዶክተሯ። “ማሽኑ ዓርብ ዕለት ራሱን አድሷል። ከርነሉ ተቀይሯል።”

“በሰው ቋንቋ” አልኳት።

“ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው በሉት። እምብርቱና ይቺ ካርድ ግን ቋንቋቸው አንድ አይደለም፤ መሃላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። ድራይቨር ይባላል። እምብርቱ ሲታደስ አነጋገሩን ይቀይራል፤ ያኔ አስተርጓሚው እንደገና ካልተማረ አፉ ይያዛል። ይኸው ተያዘ።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ማን አስተማረው? ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።”

“እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ይቺን ካርድ የሠራው ፋብሪካ ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር አውጥቶላት አያውቅም።” ትከሻዋን ነቀነቀች። “አሮጌው ከርነል ቢኖር በእሱ አስነሳልዎት ነበር፤ ማሽኑ ቦታ ሲጠበው ራሱ አጥፍቶታል። ለጊዜው በስልኬ እናሳልፈው።”

ስልኳን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው፤ ኢንተርኔቱ በስልኳ በኩል ገባ። የቀጭኗ ልጅ ጽሑፍ ደረሰ፣ ማተሚያው ወረቀት መትፋት ጀመረ። ሁላችንም ተነፈስን።

“ካርዷን ግን ይጣሏት አባባ። ሊኑክስ የሚያውቃት ሌላ አምጥቼ ልሰካልዎት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።”

“ጣያት” አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ልቤ መርፌዬን ፍለጋ ሄዷል።

“ቆይ፣ ግን ማነው እስከ ዛሬ ሲያስታምማት የኖረው?” አለችና አንድ ትእዛዝ ጻፈች። “ድራይቨር የጻፈው ሰው ስም ውስጡ አለ። እንደ እርስዎ መጽሐፍ ነው፤ በወርቅ አይጻፍ እንጂ።”

ስሙ ወጣ። በላቲን ፊደል ነው። የውጭ ቋንቋ ባልችልም ፊደሉን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ሃምሳ ዓመት በየመጽሐፉ ጀርባ ሳትመው ነው የኖርኩት። መነጽሬን ገፋ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት ሁለተኛውን ስም ነው። የራሴ ስም ነው። ሱቄ በር ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ከፊቱ ያለው የልጄ ነው።

“እንዴ! አባባ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ስም ነው!”

“ልጄ ነው” ልላት ፈልጌ አፌ እንደዚያ አስተርጓሚ ተያዘ። በመጨረሻ የወጣልኝ “ካርዷን እንዳትነኪያት!” የሚል ብቻ ነው።

ዶክተሯ ስሙን ተከትላ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ገጹን ከፈተችው። ልጄ የድራይቨሩን ጽሑፍ የፈለገ ሁሉ እንዲወስደው እዚያ አስቀምጦታል፤ የሱቄም ማሽን አዲሱን ከዚያው እየወሰደ እንዲጭን አድርጎ ነው የሄደው። ያስተካከለበት ቀን ሁሉ ተመዝግቧል። አርባ አንድ ጊዜ። እምብርቱ አነጋገሩን በቀየረ ቁጥር ልጄ በሁለት በሦስት ቀን ደርሶ አስተርጓሚውን አስተምሮታል። በራሷ ትድናለች ያልኳት ካርድ፣ ለካ አስታማሚ ነበራት!

“የላይኛው መስመር በእኛው ቋንቋ ነው” አለች ዶክተሯ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አነበበችው። “የአባቴ ሱቅ ማሽን እንዳይቆም።”

መነጽሬን አወለቅሁ። ቀጭኗ ተማሪ በርጩማ አስጠጋችልኝ።

“እና አሁን ለምን ቆመ?” አልኩ።

ዶክተሯ ገጹን ወደ ታች ገፋችው። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። “ይህ ከርነል ሌላው ሰው ጋ ከደረሰ ሦስት ሳምንቱ ነው። እሱ ግን ዝም ብሏል። ሰዎች እየጠየቁ ነው።”

“ምን ብለው?”

እየተረጎመች አነበበችልኝ። አንዱ፣ “ካርዴ ቆመብኝ፣ ወንድሜ የት ነህ?” ይላል። ሌላዋ፣ “እሱ እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም፤ ደህና ነው?” ትላለች። ሦስተኛው የካርዱን ነገር እንኳ አላነሳም፤ “የሚያውቀው ሰው ካለ እባካችሁ ደህንነቱን ንገሩን” ይላል።

ፊቱን አይተው የማያውቁ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት የማይችሉ ባዕዳን ልጄን ይፈልጉታል። የወለድኩት እኔ ሰባት ዓመት “ደህና ነህ ወይ” አላልኩትም። ያን ጊዜ የደነገጥኩትን በምን ልንገራችሁ? ደሜ ከራሴ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

“ሞቷል” አልኩ።

“ኧረ አባባ! ምን ነካዎት? ክፉ አይናገሩ።”

“ያ ልጅ የጀመረውን ጥሎ የሚቆም አይደለም። አርባ አንድ ጊዜ...”

“አርባ ሁለተኛው ዘገየ እንጂ ቀረ ያለዎት ማነው?” ብላ ተቆጣችኝ። ከስሙ ሥር ባለው ኢሜይል ጻፈችለት፦ “የአባትህ ሱቅ ማሽን ቆሟል። አባትህ አጠገቤ ናቸው። እባክህ ደውል።” ስልክ ቁጥሯን ጨመረችበት።

መጠበቅ ተጀመረ። ሥራ ያረሳሳል ብዬ የቀጭኗን ልጅ ጽሑፍ አነሳሁ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ፤ እሷው አስገባችልኝ። ሰፋሁ፣ ኮላ ቀባሁ፣ ስሟን ያተምኩበትን ሽፋን አለበስኩት፣ ተጫንኩት።

“አባባ...” አለች ፈራ ተባ እያለች፣ “ተገልብጧል።”

አየሁት። ሽፋኑ ቀጥ ብሏል፤ ውስጡ ግን እግሩ ወደ ላይ ነው። በሃምሳ ዓመት አንድ ቀን ያላደረግኩት ነገር! “ሌላ እሠራልሻለሁ” ልላት ስል የዶክተሯ ስልክ ጮኸ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

የሴት ድምፅ ነው። “ስለ ማሽኑ የጻፋችሁልን... አባቱ አሉ?”

“አለሁ። አንቺ ማነሽ?”

“ባለቤቱ ነኝ።”

ባለቤት! ልጄ ትዳር ይዟል፤ እኔ የሰማሁት ካርድ ሲበላሽ ነው።

“አባባ፣ አይደንግጡ፣ በሕይወት አለ። ሆስፒታል ነን። ሁለት ዓይኑ ተሸፍኖ ነው የተኛው፣ ሦስት ሳምንቱ። ኢሜይሉን ዛሬ ነው እኔ የከፈትኩለት።”

ዓይኑ። ልጆቼ፣ ዓይኑ ነው ያለችኝ። የኮላው ብሩሽ ከእጄ ወደቀ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ብሩሹን ያያሉ፤ እኔ የሚታየኝ ያ ቀንና ያ ቃሌ ነው። የአባት እርግማን ይደርሳል ሲሉ እሰማ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሲከተለው ኖሮ ደረሰበት አልኩ።

“አባዬ?”

የልጄ ድምፅ ነው። ወፍሯል። “አባዬ፣ ማሽኑ ቆመ?”

“ማሽኑ ገደል ይግባ!” አልኩ። ሰባት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ይህቺው ብቻ ሆና ወጣች።

“ኧረ አይግባ፤ ስንት ደክሜበታለሁ።”

“ዓይንህን... እኔ እኮ ነኝ ልጄ... እኔ እኮ ረግሜህ...”

“አባዬ፣ የዓይን ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። አባቴ ረግሞኝ ነበር ስላት፣ ‘የኔም አባት በጥናት መብራት ፈጀሽ፣ የትም አትደርሺም ብሎ ረግሞኛል፤ ይኸው ያንተን ዓይን እየሰፋሁ ነው’ አለችኝ።” የሱቁ ሰው ሳቀ። ጭምቱ ልጄ አንደበት አውጥቷል! “ዓይኔ ውስጥ ያለች ስስ ሽፋን ናት የተላቀቀችው። ከመጽሐፍ ገጽ እንደሚላቀቀው በለው። መልሳ ለጠፈቻት። ጥሩ ጠራዥ ናት።”

“ታያለህ?”

“ሐሙስ ፋሻው ሲፈታ ይታወቃል።”

ከዚያ፣ “ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?” አለ።

“እኔ ላንብብልህ” አለች ዶክተሯ።

“አይ፣ እሱ ያንብብልኝ። ፊደሉን ያውቀዋል።”

አነበብኩለት። ቃሉ አይገባኝም፤ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነገርኩት። እሱ ወዲያ ማዶ በጨለማ ውስጥ ተኝቶ ያዳምጣል። “በቃ፣ ገባኝ” አለ። “አንዲት መስመር ናት። ጻፍ።” ዶክተሯ ቦታውን አሳየችኝና ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እሱ ይጠራል፣ እኔ ኪቦርዱ ላይ በአንድ ጣት እለቅማለሁ።

“ቅንፉን ዘጋኸው?”

“የቱን ቅንፍ?”

“የከፈትከውን ነዋ!”

“አልዘጋሁም።”

“አባዬ! ክሩን ሳትቋጥር መጽሐፍ ለሰው ትሰጣለህ?”

ዘጋሁት። ዶክተሯ አንድ ትእዛዝ ሰጠችው። ነጩ ጽሑፍ ዘነበ፣ ዘነበ፣ ቆመ። የስልኳን ገመድ ነቀለች። ጎንበስ ብዬ ከኋላ አየሁ። ካርዷ አንድ ጊዜ ብልጭ አለች። ሁለት ጊዜ። ከዚያ አረንጓዴ ዓይኗን ታርገበግብ ጀመር።

“በራች?” አለ ልጄ።

“በራች” አልኩት።

“እኔ አላየኋትም። አንተ እያትልኝ።”

ቀና አልኩ። ሱቁ ሞልቷል፤ ሊያስጠርዝ የመጣው ሁሉ ጽሑፉን አቅፎ ቆሟል። ያን ቀንም እንዲህ ሞልቶ ነበር። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

“ልጆች፣ ስሙኝ” አልኩ። “የዛሬ ሰባት ዓመት እዚችው ቦታ ላይ ቆሜ፣ ሰው ፊት፣ ልጄን ረግሜዋለሁ። ዛሬም ሰው ፊት ቃሌን አንስቻለሁ። ልጄ፣ ዓይንህ ይብራ! ከኔ ዓይን የቀረውም ይጨመርልህ። ነገ ጠዋት እሳፈራለሁ፤ ሐሙስ መጀመሪያ የምታየው እኔን ይሁን።”

“አሜን!” አለ ሱቁ ሁሉ።

ከስልኩ ወዲያ ድምፅ ጠፋ። ተቋረጠ እንዴ ብዬ ዶክተሯን አየኋት። ቆይቶ የምራቴ ድምፅ መጣ። “አባባ፣ እባክዎ ሌላ አይጨምሩበት። እንዳያለቅስ ታዟል፣ ፋሻው ይርሳል።”

እኔን ግን እንዳላለቅስ ያዘዘኝ ሐኪም አልነበረም።