ፊት የለሹ ነሐስ

«እስኪ ተነሽና እግርሽን አፍታቺ፤ ከጧት ጀምሮ አንድ ቦታ ተተክለሽ!» አለች ጎረቤቷ ሀረገወይን።

ጥሩአየሁ ንቅንቅ አላለችም። እንዴት ብላ ትነሣ? ጭኗ ላይ፣ ከጋቢዋ ሥር፣ ባሏ ወንድይራድ የሠራው ነሐስ አለ። ባሏን ከቀበሩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ወንድይራድ የጎሬ ከተማ ነሐስ አቅላጭ ነበር። ለደብሩ ጸናጽል፣ ለመኳንንቱ የበቅሎ ቃጭል ሲሠራ ኖሮ፣ ከወር በፊት ከተራረፈው ነሐስ ይህን ጉድ አወጣ። ፊት የለው፣ እጅና እግሩ አይለይ። ሰው ነው እንዳይሉት እንዲህ ያለ ሰው አልታየም፤ አይደለም እንዳይሉት ትከሻና ወገብ አለው።

የሰው አፍ በምን ይለጎማል! በለቅሶው ዳስ ጥግ «ጣዖት ነው አሉ፤ ሲሰግድለት ያየው ሰው አለ» ይባባላሉ። ቀጥቃጭን ቡዳ ነው ብሎ ለማማት የሚቸኩል ለዚህ ምን ይገደዋል? ጥሩአየሁ ግን ፈርታለች። የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ማርያም ለሣልስቱ ጸሎት እየመጡ ነው። ይህን አይተው «ለጣዖት ሠሪ ፍትሐት የለኝም» ያሉ እንደሆነስ? ወንድይራድ ያለ ሣልስት ፍትሐት መቅረቱ ነው።

«ሶር ወንዝ ወርውሪው ብዬሽ ነበር» አለች ሀረገወይን በጆሮዋ።

«እጄ እምቢ አለኝ።»

ወንድይራድ ነሐሱን ያሳያት ዕለት «ማን ነው ይሄ?» ብላው ነበር።

«አንቺ ነሽ» አላት።

ደሟ ፈላ። «ሃያ ዓመት አብሬህ ኖሬ ፊቴን አጣኸው?»

«ወናፉን ስትነፊ ፊትሽ ወደ እሳቱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የማየው ወገብሽን ነው። ሃያ ዓመት ያኖረኝም እሱ ነው።»

አኮረፈችው። ኩርፊያዋ ሳይበርድ በሽታ ጣለው። ምናለ ያኔ «እሺ፣ እኔ ነኝ» ብትለው ኖሮ! ሆዷን የሚበላት ይኸው ነው።

አባ ወልደ ማርያም ገቡ። ለቀስተኛው ብድግ አለ። ጥሩአየሁም እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው፣ ብድግ አለች። ነሐሱ ከጭኗ ተንሸራቶ ድም አለና አባ እግር ሥር ተንከባለለ።

«የሚወራው እውነት ነው እንግዲህ?» አሉ አባ፣ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው።

«ጣዖት አይደለም፣ አባቴ» አለች ጥሩአየሁ። «እኔ ነኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! ሐዘን አእምሮዋን ነሣት» አለ አንዱ።

ጥሩአየሁ ከነሐሱ አጠገብ በርከክ አለች። ወገቧን ሰብራ አንገቷን ደፋችና፣ በሌለ ወናፍ ላይ ሁለት እጇን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ታነሣ ትጥል ጀመር። ፊቷ አይታይም።

አባ አንዴ እሷን፣ አንዴ ነሐሱን አዩ።

«ቁርጥ አንቺን!» አሉ። ጎንበስ ብለው አነሡትና የሟቹ ዕቃ ከተዘረጋበት፣ ከመዶሻውና ከጉጠቱ አጠገብ አኖሩት። ከዚያም መጽሐፋቸውን ገለጡ። «በቃ፣ ልጄ፣ ተነሽ።»

አልተነሣችም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ እጆቿ ወናፉን ሲነፉ ቆዩ፤ እሳቱ እንዳይጠፋበት።