ሜትር ያልበቃው ዛፍ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ሰዎች አጋናኝ ይሉኛል። እኔ አጋንኜ አላውቅም፤ ነገሮቹ ራሳቸው ትልልቅ ሆነው ይገጥሙኛል እንጂ። እንዲያውም ዛሬ ስለደከመኝ ቀንሼ ነው የማወራው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዛፍ መለካት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ጉልበቴ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ካለው ዛፍ እኩሌታውን ለክቻለሁ፤ አብዛኛውን በዝናብ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጫካ ውስጥ መቶ ሜትር በመቶ ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይታጠራል። እዚያ ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ ደረት ላይ ዙሪያው ይለካል፣ ዓይነቱ ይጻፋል፣ ቁጥር ያላት ቆርቆሮ ትመታበታለች። ከዚያ ከውፍረቱና ከእንጨቱ ክብደት ተነስቶ ምን ያህል ካርቦን ይዞ እንደተቀመጠ ቢሮ ውስጥ ይሰላል። እኔ ሜትር እይዛለሁ፤ ባለቤቴ ትመዘግባለች። የዛፉን ዓይነት የሚነግሩን የባለቤቴ አባት ናቸው፣ የጫካው ጠባቂ። ቅጠሉን ያዩታል፣ ቅርፊቱን ፍቀው ያሸቱታል፣ ስሙን ይናገራሉ። አንዳንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ሦስታችንንም አስጠራን። ቢሮው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ አይዘጋም፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ መሃል ወለል ላይ ባልዲ ተቀምጧል።

«ከመንገዱ ማዶ ያለውን ተከላ አይታችኋል» አለ። አይተናል። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ እንደ ሰልፈኛ በመስመር የቆመ፣ ቶሎ የሚያድግ። «የበላዮቹ ያሉት፣ የእናንተ ዝብርቅርቅ ጫካ ከዚያ የበለጠ ካርቦን ካልያዘ ተመንጥሮ እሱም እንደዚያው ይተከላል ነው። ውጤቱን በወሩ መጨረሻ እፈልጋለሁ።»

አማቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ያን ጫካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀውታል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከእሱ ጋር ነው።

«ተመንጥሮ?» አሉ።

እኔ ደረቴን ነፋሁ። «አባባ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል!»

ደረጃው ላይ ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» አለችኝ።

በማግስቱ ገባን። ዝናቡ ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ ተቀዶ ነበር። አልቅቱ የክንዴን ያህል ነው፤ አንዱማ ከነቦት ጫማዬ ሊወስደኝ ሞክሯል። አማቴ ግን አይቸኩሉም። ቀጫጫ ዛፍ ሥር ሳይቀር ቆመው ይፍቃሉ፣ ያሸታሉ፣ ያስባሉ።

«አባባ፣ ይሄን እንኳ እንለፈው። የመጥረጊያ እጀታ ነው የሚያክለው።»

«ስም አለው፣ ልጄ።»

«ስም ያለው ሁሉ ይለካል እንዴ?»

«አንተስ በምን ተለክተህ ነው ልጄን የሰጠሁህ?»

ባለቤቴ ሳቀች። ሳቋም የደከመ ነበር። ወረቀቷ ረጥቦ እርሳሱ አልጽፍ ብሏት፣ አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ትጽፈዋለች።

በሦስተኛው ቀን ስልሳ ዛፍ እንኳ አልሞላንም። ካልሲዬ ደርቆ አያውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሦስታችንም ተደጋግፈን ቁጭ እንላለን፤ ማንም አያወራም። እኔም ጭምር። ይህን ማመን የሚከብደው ካለ፣ ድካም የኔንም አፍ ይዘጋል።

«ስንት ይቀረናል?» አልኳት አንዴ።

«አራት መቶ ይሆናሉ መሰለኝ፣ በጠቅላላው።»

አራት መቶ! ነፍሴ በእግሬ ጣት በኩል ልትወጣ ደረሰች።

በአራተኛው ቀን አገኘሁት። ዛፍ ብዬ ብጠራው አፍራለሁ፤ አገር ነበር። ጫፉ ላይ ያለች ወፍ ስትዘምር ድምፅዋ መሬት የሚደርሰው በማግስቱ ነው። ሥሮቹ እንደ ግድግዳ ከግንዱ ወጥተው በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል፤ በሁለት ሥሮች መሃል የኃላፊያችን ቢሮ ከነባልዲው ይገባል።

«ተገላገልን!» አልኩ። «ይሄ ብቻውን ተከላውን ይውጠዋል። ሌላው ኮተት ምን ያደርጋል?»

«ከሥሮቹ በላይ ነው የሚለካው» አለች ባለቤቴ። «ሥር ግንድ አይደለም። መሰላሉን እናምጣ።»

«መሰላሉ መኪናው ላይ ነው፤ መኪናው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ደረት ላይ ይለካል ተብሏል፤ ይኸው ደረቴ!»

ሜትሩን ይዤ በሥሮቹ ዙሪያ ዞርኩ። ዞርኩ ማለት ይቀላል፤ ተጓዝኩ። ስነሳ የተላጨሁ ሰው ነበርኩ፤ ስመለስ ጢሜ አድጓል። ሜትሩ አልበቃ ሲል ቀበቶዬን ቀጠልኩበት። ቀበቶውም አልበቃ ሲል የአማቴን ገመድ ጨመርኩ።

«ሃያ ስምንት ሜትር!» ብዬ ጮኽኩ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ።

አማቴ ወደ ግንዱ ተጠግተው በቢላቸው ጀርባ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

«በርታ፣ ልጄ» አሉ። ደስታ አፋቸውን አስሮት ነው። ባለቤቴም ቁጥሩን ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻላል። ወገቤ ቁርጥ ስላለብኝ፣ ያን ዛፍ የዞረ ወገብ ደግሞ ምን ይፈረድበታል፣ ጥቂት ቀን ቤት አረፍኩ። ዋናው ሥራ ተሠርቶ አልቆ ነበርና ምንም አልጎደለም።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊው ውጤቱን አነበበ። የእኛ ጫካ ተከላውን በእጥፍ ለመብለጥ ትንሽ ነው የቀረው። ምንጣሮው ቀረ። ኃላፊው እጄን ጨብጦ አለቀሰ፤ ባልዲው በዚያን ቀን የሞላው በዝናብ አልነበረም። አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆመው የኖሩ ይመስል ለረጅም ጊዜ አልተነሱም። አንድ ሰው፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ዛፍ። በቃ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ወጥ ቤት ቆማ ለነገ ሥራ የሦስታችንንም ቦት ጫማ ከጭቃ ታጸዳ ነበር። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ድምፅዋንም ዓይኗንም ሳታነሳ ተናገረች።

«ያንተ ዛፍ እኮ ውስጡ ባዶ ነበር። አባባ ገና ሲመታው አውቆታል፤ እንዳታፍር ብሎ ዝም አለ። ቢሮ ያሉት አጣሪዎችም ሃያ ስምንት ሜትሩን ሲያዩ ሰርዘው መለሱልን።»

«ታዲያ ጫካውን ማን አዳነው?» አልኳት።

«ቀጫጮቹ። አንተ ከተኛህ በኋላ እኔና አባባ አሥራ ሰባት ቀን ገባን። በጠቅላላው አራት መቶ ስምንት ዛፍ፣ ስልሳ ሦስት ዓይነት። ብዙዎቹ ዘገምተኛ ናቸው፤ እንጨታቸው ግን እንደ ብረት ይከብዳል። አንዱ ከላይ ፀሐይ ሲይዝ ሌላው ከሥሩ በጥላው ያድጋል፤ ክፍት የቀረ ቦታ የለም። ተከላውን የበለጡት እነሱ ተደምረው ነው።»

ጭቃውን በጥፍሯ ፈቀፈቀችና ሌላውን ጫማ አነሳች።

«ያንተን ከስሌቱ አወጣነው» አለች። «ያለ እሱም በለጠ።»