የጋሽ ቆይ የመጨረሻ ፊልም

«እዚያ አትቀመጥ፣ ወንድሜ» አለ አንዱ ለቀስተኛ።

የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ሊቀመጥ ጎንበስ ካለበት ቀና አለ። ከሟች ሚስት ጎን ያለው ወንበር ላይ የባሏ ኮት ተሰቅሏል። ሳሎኑ ከመሙላቱ የተነሣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው አለ፤ እዚህ ወንበር ላይ ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ማንም አልተቀመጠም። ጸጉር አስተካካዩ የሟችን ሚስት ሊያጽናና እጁን ዘረጋ። እሷ ቀኝ እጇን እንደጨበጠች ጭኗ ላይ አኑራ በዓይኗ ብቻ ሰላም አለችው፤ እሱም ሄዶ ግድግዳውን ተደገፈ።

ልጇ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ስትገባ አጎቷ ተከተላት። የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ድምፁ ሳሎን ይደርሳል።

«እናትሽ ደህና አይደለችም። እስካሁን አላለቀሰችም፤ ዛሬ ደግሞ ከምሳ ወዲህ አንገቷን እንኳ አላዞረችም።»

«ደክሟት ነው።»

«ያልወጣ እንባ ሰው ያሳብዳል። ነገ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት።»

ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረች። እሷም ፈርታለች። አባቷን በቀበረች ሰሞን እናቷንም በቁሟ የምታጣት መስሏታል።

አባቷ አናጺ ነበር፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ጋሽ ቆይ» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያተረፈለት በእጁ የሠራው የእንጨት ካሜራ ነው። ሌንስ የለውም፤ ከፊቱ በመርፌ የተበሳ ቆርቆሮ፣ ከኋላው የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ፊልም አለው። ፊልሙ በሁለት የሚሽከረከሩ ዘንጎች መካከል ሲጎተት በውስጡ የታሸገው መድኃኒት ይፈስና እዚያው ይታጠባል፤ የላዩ ወረቀት ሲላጥ ፎቶው ይታያል። ማጠቡ ቶሎ ነው፤ ሰው የሚጨርሰው ማንሣቱ ነው። በዚያች ቀዳዳ ብርሃን እስኪጠራቀም ቤት ውስጥ አንድ ፎቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈጃል። ጋሽ ቆይ ቀዳዳዋን የሸፈነውን ጥቁር ፕላስተር ይነቅልና «ቆይ» ይላል። አፍንጫ ቢያሳክክም፣ እግር ቢደነዝዝም ቆይ ነው።

የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶው ላይ አይወጣም። ጸጉር አስተካካዩ አንድ ጊዜ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ የወጣለት ጫማው ብቻ ነበር።

«እኔን የት አደረስከኝ?» ቢለው፣

«ወሬህ ይዞህ ሄደ» አለው ጋሽ ቆይ።

ጸጥ ብላ የምትቀመጥለት ሚስቱ ብቻ ነበረች። ግድግዳው በእሷ ፎቶ ተሞልቷል። እሱ ግን አንዱም ላይ ከጎኗ የለም፤ መጋረጃ ለማስተካከል፣ ቀዳዳዋን ለማየት ሲነሣ ሲቀመጥ የሚውል ሰው ነው። ፊልሙ መሠራት ሲያቆም አንዲት ሉህ ቀረችው። «ይቺን አብረን እንቀመጥባታለን» ብሎ ካሜራው ውስጥ ከተታት። ሚስቱ «መቼ?» ስትለው መልሱ ያው የታወቀው ነበር። እንዲህ እንዳለ ባለፈው ሰኞ በር ሲገጥም ልቡ ቀጥ አለች።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዘወር ስትል እናትየው ልጇን በዓይኗ ጠራቻት። ስትቀርባት የጨበጠችውን እጇን ከፈተች። መዳፏ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።

«ሂጂ ዝጊልኝ።»

ልጅቷ ዞር ብላ መደርደሪያውን አየች። ካሜራው ፊቱን ወደ ሁለቱ ወንበሮች አዙሯል፤ ቀዳዳው ክፍት ነው።

«እማዬ፣ ሰው እንዲህ ሲገባ ሲወጣ?»

«ይግባ ይውጣ። እኔ አልተነቃነቅሁም።»

ልጅቷ ቀዳዳውን ዘጋች። አባቷ እንዳስተማራት ፊልሙን ሳታቋርጥ፣ ሳትቸኩል ጎተተችው። ያረጀ ፊልም መድኃኒቱ ሊደርቅ እንደሚችል ታውቃለች። አጎትየው ሊያይ አጠገቧ መጥቶ አንገቱን አሰገገ። ጥቂት ጠብቃ የላዩን ወረቀት ላጠችው።

የፎቶው አንዱ ጥግ መድኃኒቱ ሳይደርሰው ነጥቶ ቀርቷል። በተረፈው ሳሎኑ ጭር ብሏል። ጸጉር አስተካካዩ የለም፤ አጎትየው የለም፤ ከምሳ ጀምሮ ሲተራመስ የዋለው ለቀስተኛ ሁሉ የለም። ያሉት ሁለት ወንበሮች ናቸው። በአንዱ እናቷ የሹራቧ ቁልፍ ሳይቀር ጥርት ብላ ተቀምጣለች። ከጎኗ የአባቷ ኮት፣ የባለቤቱን ትከሻ ቅርጽ እንደያዘ።

እናትየው ፎቶውን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«በስተመጨረሻ አርፎ ተቀመጠልኝ» አለች።

ከዚያ አለቀሰች። ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አለቀሰች፤ ልጇም አብራት። አጎትየው የሐኪሙን ነገር ደግሞ አላነሣም።

ሲወጣላት ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣችና አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ጸጉር አስተካካዩ አሁንም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ና፣ ተቀመጥ» አለችው፤ ወንበሩንም በመዳፏ ጠረገችለት።